ዞር ብለህ ና

ስልኬ ሲጠራ ሚዛን ላይ ነበርኩ። ገንዳ ውሃ ከተማ፣ የጭነት መኪናዬን ሰሊጥ ሞልቼ፣ የፊት ጎማዎቼ ሚዛኑ ላይ ወጥተው የኋላዎቹ ገና መሬት ላይ ናቸው። የደወለው ሱሌይማን ነው፣ የጋሽ ኢድሪስ ሚስት የእትዬ ዘሀራ ታናሽ ወንድም። ሱሌይማን ወሬ ማስረዘም አያውቅም። «ሞላ፣ ጋሽ ኢድሪስ ዐርፈዋል። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው» አለና ዘጋው።

የሚዛኑ ሰውዬ «ወደፊት፣ ወደፊት» እያለ በእጁ ይጠራኛል። እኔ፣ ዕድሜዬን መሪ ላይ የጨረስኩ ሰውዬ፣ ማርሽ ማስገባት ጠፋኝ። ሰሊጥ የጫነ መኪና ወደ ድንበር ልመልስ ብል ኬላው ላይ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ኮንትሮባንድ ነው ብለው ሲበረብሩኝ ይመሻል። መኪናውን ለዘበኛው አደራ ብዬ በሚኒባስ ሄድኩ። መተማ ዮሐንስ ስደርስ ሰው ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። አልደረስኩም። እሳቸው ቢሆኑ «ምን ችግር አለ፣ ዞር ብለህ ና» ይሉኝ ነበር ብዬ አሰብኩና ሳቄ መጣ። ከዚያ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ ኢድሪስን የማያውቅ ሰው ይህቺን ንግግራቸውን አያውቃትምና ከእሷ ልጀምር።

ሱቃቸው ዋናው መንገድ ዳር፣ ወደ ሱዳኗ ገላባት መሻገሪያው ሳይደረስ ነው። ብሎን፣ ኩሽኔታ፣ ችንጋ፣ የትራክተር ዕቃ ይሸጣሉ። እኔ ያኔ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥቼ የቀረሁ፣ ገና ረዳትነት የጀመርኩ ሰው ነኝ። ሹፌሬ ችንጋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተበጥሶበት ላከኝ። ጋሽ ኢድሪስ የተበጠሰውን ተቀብለው አገላበጡት፣ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩኝና «ዞር ብለህ ና» አሉኝ።

መቼም ነጋዴ «ዞር ብለህ ና» ካለህ የለኝም ማለቱ ነው፤ እንዳይከፋህ ነው የሚያባብልህ። እኔም ይህንኑ አውቄ ሌላ ሱቅ ሌላ ሱቅ ስዞር ዋልኩና አጣሁ። ተስፋ ቆርጬ በዚያው በኩል ሳልፍ ችንጋው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ለካስ እኔ እንደወጣሁ ሱቁን ለጎረቤት ትተው፣ ጀለቢያቸውን ሰብስበው፣ እኔ የማላውቀው ጓሮ ድረስ ሄደው ፈልገው አምጥተውታል። ደክሞኝ ስለነበር ቆጣ ብዬ «ታዲያ መጀመሪያውኑ የለም አይሉኝም?» አልኳቸው።

«የለም ያልኩት ሰው ይሄዳል» አሉኝ። «ያ ዞል፣ እኔ ሰው ሲሄድብኝ አልወድም።»

«ያ ዞል» የሱዳኖቹ «አንተ ሰው» ናት፤ የወደዱትን ሁሉ የሚጠሩት በእሷ ነው። ከተማው ግን የሚቀልድባቸው በመጀመሪያዋ ንግግራቸው ነበር። ጤናቸውን ሲጠይቋቸው ሳይቀር «ዞር ብለህ ና» ይላሉ፤ አሁን አልታወቀም፣ ቆይተህ ጠይቀኝ እንደ ማለት።

ሌላው ጠባያቸው ማንኳኳት ነው። ብረት ያዩ እንደሆነ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ሹፌር ከሆንኩ በኋላ የመኪናዬን በር አንኳኩተው «ይሄ ብረት አይደለም፣ ቀለም ነው» ብለውኛል። የሻይ ብርጭቆ ያንኳኳሉ። አንዴ ጉንፋን ይዞኝ ስስል ደረቴን አንኳኩተው «ባዶ ነው፣ ምሳ አልበላህም» አሉና እጄን ይዘው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸውን እትዬ ዘሀራን ያወቅኳቸው ያን ቀን ነው። ልጅ አልነበራቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

እትዬ ዘሀራ ጣሂና ይሠራሉ። ጣሂና ማለት የተቆላ ሰሊጥ ተፈጭቶ እንደ ማር እየተሳበ ሲወርድ ነው፤ የማዶ ሰው ያለ እሱ ቁርስ የበላ አይመስለውም። ሰሊጥ በሞላበት አገር ጣሂና የሚሠራ ሞልቷል፤ የእትዬ ዘሀራን የሚያህል ግን አልነበረም። ገላባት ያሉ ቤቶች ሰው እየላኩ ያስወስዱ ነበር። ሰሊጡን ራሳቸው ያጥባሉ፣ ያሰጣሉ፣ ይቆላሉ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ በታሰረች የእጅ መፍጫ፣ በቀኛቸው እያዞሩ በግራቸው እየጨመሩ ይፈጫሉ። ምላሳቸውም አብሮ ይፈጫል። ጋሽ ኢድሪስን ሲቆጧቸው ለሚሰማ እንግዳ ጠብ ይመስለዋል። እሳቸው ግን ቁጣውን ሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው እግራቸውን ዘርግተው ያዳምጡታል።

ታዲያ አንድ ጠዋት እትዬ ዘሀራ ሰሊጥ ሊያጥቡ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ጎንደር ሆስፒታል ድረስ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸው ግን ሽባ ሆኖ ቀረ፣ እግራቸውም ይጎተታል። ሐኪሙ መናገር ይችላሉ ብሎ ነበር፤ ግን አልተናገሩም። ቤት ከገቡ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ሲያበሏቸው ይበላሉ፣ ሲጠይቋቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በቃ። ጋሽ ኢድሪስ ሱቃቸውን ከፍተው ይቀመጡና ደንበኛው ምን እንደጠየቃቸው ይረሳሉ። አንድ ቀን «ሞላ፣ ቤቱ ጸጥ አለብኝ» አሉኝ።  

ሰው ሁሉ የመከራቸው የመፍጫ ሞተር ግዙላት ብሎ ነው። መብራቱ መጣ ሲባል የሚሄድበት አገር መሆኑን እንተወውና፣ ጋሽ ኢድሪስ ሞተሩን የጠሉት በሌላ ምክንያት ነው። «ሞተር ከፈጨውማ ዘሀራ ምን ትሠራለች? ቁጭ ብላ ሞተር ልታይ ነው?» ይላሉ። የፈለጉት እትዬ ዘሀራ ራሳቸው እንዲፈጩ ነው፣ በቀረቻቸው በአንዲቱ እጃቸው። ያን ጊዜ ከግድግዳው ይዞራሉ ብለው አመኑ።

ችግሩን ሱቅ ውስጥ አስቀምጠው አስረዱኝ። አንድ እጅ ያለው ሰው ወይ ያዞራል ወይ ይጨምራል። ሰሊጥ ሊዘግን እጁን ሲያነሣ መፍጫው ይቆማል፤ የቆመውን እንደገና ማስነሣት ደግሞ ለግራ እጅ ከባድ ነው። ስለዚህ እጅ ሲለቀው የማይቆም ነገር ያስፈልጋል። «ቮላኖ» አሉኝ። እኔ ሹፌር ነኝ፣ ቮላኖ አውቃለሁ፤ ሞተር እንዳይደነቃቀፍ እየዞረ የሚይዘው ከባዱ ክብ ብረት ነው። «ሁለት ትልልቅ ዲስክ፣ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ። ከባድ ይሁኑ፣ እኩል ይሁኑ። አንዴ ገፋ ታደርጋቸዋለች፣ ሰሊጥ እስክትዘግን እነሱ እየዞሩ ይጠብቋታል።»

«ከየት ይመጣል እንዲህ ያለ ብረት?»

«ዞር ብለህ ና» አሉኝ። በዚህኛው ግን የሚዞረው እኔው ሆንኩ።

የመጀመሪያዎቹን ያመጣሁት ከአብርሃ ጅራ ነው። የትራክተር ማረሻ ዲስክ በቆላው ሞልቷል፤ ሲያረጅ አጥር ሥር ይጥሉታል። ከአንድ እርሻ ግቢ ዘበኛውን ለምኜ ሁለት ትልልቅ መርጬ ጭኜ መጣሁ፤ ኩራቴ ሌላ ነበር። ጋሽ ኢድሪስ አንኳኳቸውና «ድምፃቸው ጥሩ ነው» አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ራኩባ አላቸው፣ ግድግዳ የሌለው የሣር ዳስ፤ ሥሩ የብየዳ ማሽን፣ ሞርሳና የብረት ክምር አለ። እዚያ ዘንጉን ከነኩሽኔታው እንጨት መቆሚያ ላይ አሰሩ፣ ዲስኮቹን ገጠሙ። እኔ ገፋሁ።

የማረሻ ዲስክ ለካ ዝርግ አይደለም፣ ጎድጎድ ያለ ነው። ጠርዙንም መሬት በልቶታል፣ አንዱን በዚህ በኩል፣ ሌላውን በዚያ በኩል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ መቆሚያው ከቦታው ተነሥቶ ሄደ። እውነቴን ነው፣ በእግሩ ሄደ። ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ እኔ አጥር ላይ ወጣሁ። ጋሽ ኢድሪስ አህያ ያመለጣቸው ይመስል ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ «ቁም፣ ቁም እንጂ» ይሉታል። የውኃ በርሜሉን ገጭቶ ቆመ።

«ደህና ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «መሄዱንስ ሄዷል።»

ከቤት ውስጥ ምንም ድምፅ አልመጣም። ያ ሁሉ ኳኳታ፣ እትዬ ዘሀራ ዞረው እንኳ አላዩም።

ሁለተኛው ሙከራ የጋሽ ኢድሪስ ሐሳብ ነው። ገላባት ዐብዱልባቂ የሚባል ወዳጅ አላቸው፤ ድንበሩ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ዘመናቸውን በስልክ የተገበያዩ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ኢድሪስ ደግሞ በዐረብኛቸው የሚኮሩትን ያህል በምንም አይኮሩም። ሲደውሉ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። «ሰሐን» ይላሉ፣ «ሰሐን ሐዲድ፣ ከቢር።» ትልቅ የብረት ሳህን ማለታቸው ነው። ሰፊ ይሁን፣ ክብ ይሁን፣ ለዘሀራ ነው፣ ታማብኛለች፣ ቶሎ በልልኝ ይላሉ። ሰውዬው የሚያያቸው ይመስል ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጠኑን ለስልኩ ያሳያሉ። ሲጨርሱ ስልኩን ኪሳቸው ከተው «አየህ፣ ቋንቋ ያለው ሰው አይቸገርም» አሉኝ።

ዕቃው ድንበሩ በተከፈተ ጊዜ በአህያ ጋሪ መጣ። ከሩቅ ስናይ ጋሪው ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ነገር ወደ ሰማይ ተከፍቶ ይወዛወዛል። ባጃጆቹ ሁሉ ቆመው ያያሉ። የሳተላይት ዲሽ ነው። የዛሬው ትንሹ አይደለም፣ ያ የድሮው፣ ሰው ውስጡ ጥቅልል ብሎ የሚተኛበት። ለካስ ማዶ ዲሹንም ሰሐን ይሉታል። ዐብዱልባቂ «የታመመች ሚስቱ ቴሌቪዥን እያየች እንድትጽናና ነው» ብሎ አስቦ፣ ከአንድ የተዘጋ ሻይ ቤት ጣሪያ አስወርዶ ላከው። ባለጋሪው መልእክቱን በሰው መሐል ጮክ ብሎ አደረሰ። «አላህ ይማራት ብሏል። ሁሉንም ጣቢያ ይይዛል ብሏል።»

ጋሽ ኢድሪስ ዲሹን አንድ ጊዜ ዞሩት። አንኳኩት። «ባዶ ነው» አሉ በቀስታ።

ስጦታ አይመለስምና ወደ ግቢ ይግባ ተባለ። በሩ ጠበበ። እኔ በሰያፍ ስል፣ እህቱን ሊጠይቅ የመጣው ሱሌይማን በጎን ሲል፣ ባለጋሪው ወደ ላይ አንሡት ሲል፣ ዲሹ ከእጃችን አመለጠ። በግቢው ተንከባሎ ሄዶ እትዬ ዘሀራ የተኙበት ክፍል መስኮት ላይ ልክ እንደ መክደኛ ገጠመና ቆመ። ክፍሉ ጨለመ። 

ከውስጥ ድምፅ መጣ። ልቅሶ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጋሽ ኢድሪስ ሮጠው ገቡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። እትዬ ዘሀራ ከግድግዳው ዞረው፣ በግራ እጃቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ እንባቸው ይወርዳል። «ምንድነው እሱ?» አሉ። ከወደቁ ወዲህ የሰማነው የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

ጋሽ ኢድሪስ በሩ ላይ እንደቆሙ ሁሉንም ነገሯቸው። ቮላኖውን፣ የማረሻው ዲስክ ግቢውን መዞሩን፣ የሰሐኑን ነገር።  እትዬ ዘሀራ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ ቃሉን እየጎተቱ ግን በዚያው በድሮው ቁጣ፣ «ኢድሪስ፣ ሱቅህ ደጃፍ ያለው መሻገሪያስ ብረት አይደለም?» አሏቸው።

ከሱቁ ፊት የጎርፍ ቦይ አለ። በላዩ ላይ ሰፊና ወፍራም ላሜራ ተጋድሟል፤ ከመንገድ ሥራ የተረፈ ነው ይባል ነበር። የከተማው ሰው ሁሉ እየረገጠው አብረቅርቋል። እኔ ራሴ ያን ችንጋ ፍለጋ የመጣሁ ቀን በእሱ ላይ ነው የተሻገርኩት። እኔ አብርሃ ጅራ፣ እሳቸው ማዶ ስንፈልገው እግራችን ሥር ነበር። ጋሽ ኢድሪስ ወጥተው ሄዱ። ላሜራው ላይ ተንበርክከው አንኳኩት፣ ጆሯቸውን ለጠፉበት። ተመልሰው መጡና «ከባድ ነው» አሉ። ሰው እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

ላሜራውን በመኪናዬ ስበን አነሣነው። ጋሽ ኢድሪስ መሐሉን ነጥበው፣ ሽቦ ወጥረው በጠመኔ ሁለት ክብ አሰመሩ። ገንዳ ውሃ ካለ ጋራዥ የጋዝ መቁረጫ ተውሼ አመጣሁ። ቆረጥን፣ ጠርዙን በግራይንደር ሞረድን፣ ዘንጉ ላይ በየድን። እኔ አለቀ ብዬ እጄን ታጠብኩ።

አላለቀም። ጋሽ ኢድሪስ ዘንጉን በውኃ ልክ በተስተካከሉ ሁለት ብረቶች ላይ ያጋድሙና ዲስኩን በጣታቸው ገፋ ያደርጉታል። ዞሮ ዞሮ ሲቆም፣ ከታች የመጣውን ጠርዝ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል። ደግመው ይገፋሉ። ያው ምልክት ተመልሶ ከታች ይቆማል። «አየኸው? በዚህ በኩል ይከብደዋል» ይሉና እዚያ ቦታ ላይ በትራፓኖ ይበሱታል፣ እንዲቀለው። ደግመው ይገፋሉ። አሁን ደግሞ ሌላው ጎን ይወድቃል። እኔ ጎንደር አራግፌ እመለሳለሁ፣ እሳቸው አሁንም እየገፉ ነው። ሰልችቶኝ «ለጣሂና በቂ ነው እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ያ ዞል፣ እኔ የተውኩት ለእሷ እጅ ነው የሚተርፈው» አሉኝ።

እትዬ ዘሀራ በዚያ መሐል ወንበር አስወጥተው ራኩባው ሥር መዋል ጀምረዋል። እያንዳንዱን ቀዳዳ ይተቻሉ። «ወንፊት አደረግከው እኮ» ይላሉ። ዲሹንም አስተኝተው የታጠበ ሰሊጥ ያሰጡበት ጀመር፤ ፀሐዩን ሰብስቦ ቶሎ ያደርቀዋል፣ እስከ ዛሬም ሥራው ይኸው ነው።

ሱቁ ግን መሻገሪያ አጣ። ሁሉ ሰው ቦይ መዝለል አይችልም፣ ስለዚህ ደንበኛው በጎረቤት በኩል ዞሮ መግባት ግድ ሆነበት። ጋሽ ኢድሪስ ከቦዩ ወዲያ የቆመውን ሰው ከወንበራቸው ሳይነሡ «ዞር ብለህ ና» ይሉታል። ከተማው በሳቅ ሞተ። አዲስ መሻገሪያ አሠራለሁ እያሉ ሳያሠሩት ኖሩ።

አንድ ቀን ምልክቱ በፈለገው ቦታ መቆም ጀመረ፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን። ሚዛኑ ገጠመ። መፍጫዋን ዘንጉ ጫፍ ላይ አሰሩና እትዬ ዘሀራን አስቀመጧቸው። እትዬ ዘሀራ በግራ እጃቸው እጀታውን ገፉ። ዲስኮቹ ቀስ ብለው ተነሡ። ደግመው ገፉ። ከዚያ ለቀቁትና የተቆላ ሰሊጥ ዘግነው ጨመሩ። ዲስኮቹ እየዞሩ ጠበቋቸው። ገፉ፣ ዘገኑ። ጣሂናው እየተሳበ ወረደ።  እትዬ ዘሀራ በጣታቸው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ሻካራ ነው። መፍጫውን አላጠበቅከውም። ይሄን ነው ለሰው የምሰጠው? ስንት ቀን ብረት ስትበሳ ውለህ አንዲት ብሎን ማጥበቅ አቃተህ?» እያሉ ጀመሩ። አላቆሙም።

ጋሽ ኢድሪስ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ሰማህ?» አሉኝ። «እየተቆጣችኝ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ሲቀመጡ አንድ ጆሯቸው ከጓሮ ነበር። የዲስኮቹ ጉርምርምታ ሲሰማ ያወራሉ፣ ሲቆም ተነሥተው ሄደው ያያሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋቸው ሰሊጥ ልጭን ወደ ገንዳ ውሃ ስወጣ ነው። ከስተው ነበር፤ ጤናቸውን ስጠይቃቸው እንደ ወትሯቸው አልቀለዱም። ትከሻዬን አንኳኩ። ከዚያ ስሄድ ከኋላዬ «ሞላ፣ ዞር ብለህ ና» አሉኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ።

ከቀብሩ በኋላ በመተማ ባለፍኩ ቁጥር እጎበኛለሁ። እትዬ ዘሀራ ዒዳ ላይ፣ ባል የሞተባት ሴት ሐዘን በምትጠብቅበት ጊዜ ላይ፣ ስለሆኑ ከግቢ አይወጡም። ሱቁን ሱሌይማን ይዞታል። ራኩባው ሥር ቮላኖው ጆንያ ለብሶ ቆሟል። «እንዴት ናቸው?» እለዋለሁ። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች» ይለኛል። ይህን ስሰማ የጋሽ ኢድሪስን ሞት ከሰማሁበት ቀን በላይ ፈራሁ። ያን ሁሉ የበሱት፣ ያን ሁሉ የገፉት ዘሀራ ከግድግዳው እንድትዞር ነበርና።

ባለፈው ጊዜ ስሄድ ከሱሌይማን ጋር ሱቁና ግቢው በሚገናኙበት በር አጠገብ ተቀምጫለሁ። አንድ ባለትራክተር ከቦዩ ወዲያ ቆሞ የተሰበረ ኩሽኔታ ከፍ አድርጎ አሳየን። «ይሄ አለህ?» አለ። ሱሌይማን አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየና፣ እውነተኛ ሰው ነው መቼም፣ «የለም» አለው።

ከቤት ውስጥ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ። «ማነው የለም ያለው?»

እትዬ ዘሀራ በግራ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ አልተከናነቡም። «እዚህ ቤት የለም አይባልም» አሉት ሱሌይማንን። «ዞር ብለህ ና በለው።»

«እህቴ፣ ከየት ላመጣለት ነው?»

እትዬ ዘሀራ ዘወር ሲሉ እኔን አዩኝ። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ። «ይሄስ? ሹፌር አይደለም? ምን ያስቀምጠዋል ታዲያ? እሱ ፈልጎ ያመጣል» አሉና ወደ ራኩባው አመሩ። ጆንያውን ሲገፉት እጄን ልሰጣቸው ተነሣሁ። «አንተን ሂድ ነው ያልኩህ» አሉኝ።

ያ ኩሽኔታ የት እንደሚገኝ በፍጹም አላውቅም ነበር። በጎረቤት ሱቅ በኩል ዞሬ መንገዱ ላይ ወጣሁ፣ የተሰበረውን ከባለትራክተሩ እጅ ተቀበልኩና ጫፉን አንኳኳሁት። ከጓሮ ዲስኮቹ ማጉረምረም ጀምረዋል።

«ዞር ብለህ ና» አልኩት።